በማመልከቻ ላይ የገደልኳቸው አባት

ነገሩ የሆነው አምና ጥቅምት ውስጥ ነው። ለብዙ ሰው በሳቅ አውርቼዋለሁ፤ ሰውም ይስቃል። እኔ ግን አውርቼ ስጨርስ ሁልጊዜ ፊቴ ይግላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልቀልድ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

መርሳ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ተማሪዎች አስጠናለሁ። ሒሳብና እንግሊዝኛ። በክፍሏ በር ላይ በካርቶን የጻፍኩት ማስታወቂያ «ማስጠናት፣ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ መሙላት፣ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ መጻፍ» ይላል። እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በሁለተኛው ዓመት ትቼ የወጣሁ ነኝ። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ወልድያ ተወልጄ፣ ደሴ ሠርቼ፣ ኮምቦልቻ ከርሜ፣ መርሳ የመጣሁት ለአንድ ወር ብዬ ነበር።

ግጥምም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ይህን የምናገረው ልኩራራ ብዬ ሳይሆን ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ ነው።

ሰዓዳ ከተማሪዎቼ አንዷ ነበረች። ቤታቸው ከመርሳ በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና መጀመሪያ ወስዳ አልመጣላትም፤ በሁለተኛው አለፈች። አባቷ ግን ቀድመው ነግረዋታል፦ «ከደረሰሽ ሂጂ። እኔ ከኋላ የምልክልሽ የለኝም።» ከመንደራቸው ከእሷ በፊት ሁለት ሴት ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሄደው፣ የሳሙናና የደብተር እየቸገራቸው ዓመት ሳይሞሉ ተመልሰዋል። ሰዓዳ ሦስተኛዋ መሆን አልፈለገችም።

በዚያ ሰሞን ነው አንድ ማኅበር የገጠር ሴት ተማሪዎችን ሙሉ ወጪያቸውን ችሎ እንደሚያስተምር ማስታወቂያ ያወጣው። ፎርሙ በኢንተርኔት ይሞላል። የመጨረሻው ገጽ ላይ «ስለ ራስሽና ለምን መማር እንደምትፈልጊ ጻፊ፤ በአማርኛም ይቻላል» ይላል። ይህን ሳይ ደስ አለኝ። እንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ እጠነቀቅ ነበር።

ሰዓዳ አንድ ገጽ ጽፋ መጣች። አነበብኩት። ስለ መስኖ ነው። ስለ ቦይና ስለ ጀሪካን ነው። ለእኔ የገበሬዎች ስብሰባ ቃለ ጉባኤ መሰለኝ።

«ሰዓዳ፣ ይሄ እኮ አያስለቅስም» አልኳት።

«ማን ያልቅስ ብዬ ነው?» አለች።

«የሚያነቡት ሰዎች ናቸዋ! ስንት ወረቀት ነው የሚያነቡት። ሆዳቸውን ካላባባሽው ያልፉሻል።»

«እኔ የማውቀው ይህንኑ ነው፣ ቲቸር።»

«በቃ ለእኔ ተይው።»

ተወችው። አምናኛለች። ከእሷ በፊት ለሁለት ልጆች ማመልከቻ ጽፌላቸው ተሳክቶላቸው ስለነበር፣ እኔም ራሴን አምኜዋለሁ።

ማመልከቻው የሚዘጋበት ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ቁጭ አልኩ። ኔትወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል። እስኪመጣ ድረስ የሰዓዳን ወረቀት ገልብጬ በጀርባው ላይ አንድ የጀመርኩትን ግጥም ጨረስኩ። እጄ ሞቀ። በዚያው ሙቀት ወደ ፎርሙ ዞርኩና እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦ «አባቴ ውሃ ሲጠብቅ ሞተ። ውሃው የመጣው ለቀብሩ ነው።»

የሰዓዳን አባት ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። በሽታ እንዳለባቸው ሰምቼም አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ ስላማረኝ ብቻ ሞቱ።

የቀረውም ተከታትሎ መጣ። ሐዘኑ፣ የእናት እንባ፣ የደረቀው ማሳ። ኔትወርኩ ብቅ ሲል ላክሁት። ለሰዓዳ አላነበብኩላትም፤ እሷ ወደ ቤቷ መንገድ ላይ ነበረች። ደግሞም ስልክ የላትም። ፎርሙ የቤተሰብ ስልክ ሲጠይቀኝ፣ ከመዝገቤ ላይ አይቼ የአባቷን ቁጥር ሞልቻለሁ። ማለትም ሰውየውን ከላይ በስልክ ቁጥራቸው አስገብቼ ከታች ገድያቸዋለሁ። አላስተዋልኩትም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። በገበያ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ስድስት ተማሪዎች ይዤ ሳስጠና አንድ ሽርጥ ያገለደሙ፣ ቀጭን ረጅም ሰው በሩ ላይ ቆሙ።

«አሰላሙ ዐለይኩም። አማን ነው?»

«አማን ነው፤ ይግቡ።»

«ጨርስ፣ ጨርስ። እጠብቃለሁ። መጠበቅ ሥራዬ ነው።»

የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ሰሌዳውን እንደ ተማሪ ያያሉ። ከተማሪዎቹ አንዱ ተሳስቶ ሲመልስ እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ትምህርቱ አልቆ ልጆቹ ሲወጡ ወደ እኔ ቀረብ አሉ።

«ታምራት የሚሉህ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

«እንድሪስ እባላለሁ። የሰዓዳ አባት። አላህ ይርሐመኝ።»

ለሞተ ሰው የሚባለውን ነው ለራሳቸው ያሉት። መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ሁሉም ነገር ገባኝ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ።

«ትናንት ቦይ ላይ ሆኜ ስልኬ ጮኸ» አሉ ጋሼ እንድሪስ። «አንዲት ሴት ናት። ቅን ሴት ትመስላለች። ‹በሰዓዳ አባት ሞት በጣም አዝነናል። እርስዎ ምኗ ነዎት?› አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«ምን እላታለሁ? አባቷ ነኝ ብል ልጄ ውሸታም ልትባል ነው። አጎቷ ነኝ አልኳት። ‹ያጽናዎት› አለችኝ። አሚን አልኩ።»

ሳቄ ሊመጣ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ጠፋ።

«መሞቴስ ምንም አይደል» ብለው ቀጠሉ። «በሐሰት ሞተ የተባለ ዕድሜው ይረዝማል ይላሉ። ግን እኔ የውሃ አባት ነኝ። ታውቀዋለህ የውሃ አባት?»

የውሃ አባት ማለት ከአንድ ቦይ የሚጠጡ ማሳዎችን ተራ የሚያከፋፍል፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው የመረጡት ሰው ነው። ማን መቼ ያጠጣል፣ ውሃው መቼ ወደ ቀጣዩ ይዞራል፣ የሚወስነው እሱ ነው። አውቃለሁ አልኳቸው።

«በእኔ ምላስ ነው ውሃ የሚከፈለው። ወረዳ የሰጠኝ ማኅተም የለኝም። ምላሴ ብቻ ነው ያለኝ። ትናንት ‹አጎቷ ነኝ› ያለ ምላስ ነገ ‹ተራው የአሊ ነው› ቢል ማን ያምነዋል? ሰው ባይሰማኝ እኔው ሰምቼዋለሁ እኮ።»

ጎንበስ ብዬ ጠመኔውን አነሳሁ።

«እሷ ናት የጻፈችው? ወይስ አንተ ነህ?»

እዚህ ላይ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየሁ። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ «አብረን ነው የጻፍነው» ልል አስቤ ነበር። ለሰው ሳወራ ይህቺን ሁልጊዜ እዘላታለሁ።

«እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም» አልኩ።

ትከሻቸው ወረድ ሲል አየሁ። የመጡት ለዚህ ነበር። የልጃቸው እጅ እንደሌለበት ለመስማት።

«ሐሙስ ወልድያ ለቃለ መጠይቅ ከአሳዳጊዋ ጋር ትምጣ ብለዋል» አሉ። «እንዴት እናድርግ?»

ያኔም አልተማርኩም። «የእናቷ ወንድም የለም? እሱ ቢሄድ…» አልኩ።

አዩኝ። «አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ልታስዋሽ ነው?»

ሰዓዳ ከገበያ በፌስታል ጨውና ክብሪት ይዛ ስትመጣ ገና ሁለታችንም ተፋጥጠን ተቀምጠናል። አባቷ እዚህ እንደምታገኛቸው ነግረዋት ነበር እንጂ ለምን እንደመጡ አልነገሯትም።

«በል ንገራት» አሉኝ። «እኔ መሞቴን በራሴ አፍ አላረዳም።»

ነገርኳት። ልክ የእውነት ሞት የሰማች ይመስል መጀመሪያ ወደ አባቷ ዞራ አየቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም።

«የእኔ ወረቀትስ የት አለ?» አለች።

ከጠረጴዛው ክምር ውስጥ ፈልጌ አወጣሁት። ገልብጣ ጀርባውን አየች።

«ጽፈህበታል።»

«ይቅርታ። በንጹሕ ወረቀት ልገልብጥልሽ።»

«የቱን? የእኔን ወይስ ያንተን?»

ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ አባቷን «እንሂድ፤ ካባረሩኝም አንተ ቆመህ እያየህ ያባርሩኝ» አለቻቸው። ጋሼ እንድሪስ ዱላቸውን አነሱ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሐሙስ ማለዳ መናኸሪያ እንገናኝ።»

«እኔም?»

«ሟች ሄዶ ገዳይ ሊቀር ነው?»

ሐሙስ ሦስታችን በሚኒባስ ወደ ወልድያ ሄድን። ሰዓዳ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ የጋሼ እንድሪስ ጎረቤት አንገታቸውን አዙረው «እንድሬ፣ ምን እግር ጣለህ ወደ ወልድያ?» አሏቸው።

«ሞቻለሁ ተብዬ ነው። ላስተካክል ነው የምሄደው።»

ጎረቤቱ በሳቅ ፈነዱ። ተሳፋሪውም ሳቀ። ጋሼ እንድሪስ አልሳቁም፤ እኔም አልሳቅሁም።

ከመናኸሪያው በባጃጅ ወደ ቢሮው ሄድን። ኮሪደሩ ላይ ብዙ ልጃገረዶች ነጠላቸውንና ሒጃባቸውን እያስተካከሉ ይጠብቃሉ። የሰዓዳ ስም ሲጠራ ሦስታችንም ገባን። ከጠረጴዛው ጀርባ አንዲት ጎልማሳ ሴትና አንድ መነጽር ያደረገ ሰው ተቀምጠዋል። የሴትዮዋን ድምፅ ጋሼ እንድሪስ ወዲያው አወቁት።

«እርስዎ አጎቷ ነዎት?» አለች ሴትዮዋ።

«አይደለሁም። አባቷ ነኝ። አልሞትኩም። ያን ዕለት ዋሽቼሻለሁ፤ አፉ በይኝ።»

ሰውየው ማመልከቻውን አገላብጦ አየና፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «እንዲህ ዓይነቱ ማጭበርበር ነው የሚባለው። ደንባችን ግልጽ ነው» አለ።

ያኔ ተናገርኩ። ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንደጻፍኩ፣ ልጅቱ እንዳላየችው። ግጥም እንደምጽፍም ሳላስበው አመለጠኝ። ሰውየው ከመነጽሩ በላይ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«ለመሆኑ ስንት ወላጅ ገድለሃል እስካሁን?» አለኝ።

«እሳቸውን ብቻ ነው።»

ሴትዮዋ ወደ ሰዓዳ ዞረች። «አንቺ በእጅሽ የጻፍሽው ነገር የለም?»

ሰዓዳ የታጠፈውን ወረቀት አወጣች። ሴትዮዋ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ከዚያ በፊት በዓይኔ ብቻ ነበር ያነበብኩት። እንዲህ ይላል፦

«ቦያችን አሥራ ዘጠኝ ማሳ ያጠጣል። ሁሉም እኩል ሰዓት ያገኛል። የታችኞቹ ግን ሁልጊዜ ያጉረመርማሉ። አባቴ እኩል ሰጥቻለሁ ይላል፤ እውነቱን ነው። እነሱ አልደረሰንም ይላሉ፤ እነሱም እውነታቸውን ነው። ሁለቱም እንዴት እውነት ይሆናል ብዬ ጀሪካን ይዤ ሄድኩ። ከላይኛው ማሳ ላይ ጀሪካኑ እስኪሞላ ሠላሳ ቆጠርኩ። ከታችኛው ላይ አርባ አምስት ቆጠርኩ። ውሃውን መንገድ ላይ መሬቱ ይጠጣዋል። ለታችኞቹ ሰዓት ይጨመርላቸው ብዬ ለአባቴ ነገርኩት። ሽማግሌዎቹ አላመኑኝም፤ ራሳቸው ሄደው ቆጠሩ። ከዚያ ወዲህ የተራውን ደብተር የምጽፈው እኔ ነኝ። የውሃ ምህንድስና መማር የምፈልገው ቦዩ ውሃውን እንዳይጠጣው ማድረግ እንደሚቻል ስለሰማሁ ነው።»

ጋሼ እንድሪስ ልጃቸው ስለ እሳቸው መጻፏን አያውቁም ነበር። መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ጀሪካኑን ከቦይ ውስጥ በምን ሞላሽው?» አለ ሰውየው። ድምፁ ተለውጧል።

«የተቆረጠ ቱቦ ቦዩ ላይ በጭቃ ደፍኜ። በሁለቱም ቦታ ያው ቱቦ ነው።»

ሰውየው ጻፈ። ሴትዮዋ ወረቀቱን ስትገለብጥ በጀርባው ሌላ ጽሑፍ አገኘች። «ይሄስ ምንድን ነው?»

«እሱ የቲቸር ነው» አለች ሰዓዳ።

ሴትዮዋ ሁለት ስንኝ ያህል በልቧ አነበበች። ከፊት ያለውን ገጽ በማሽን ቀድታ ወረቀቱን ለሰዓዳ መለሰችላት።

ውሳኔው ቀላል አልነበረም። በኢንተርኔት የላክሁት ማመልከቻ ውሸት ስላለበት ተሰረዘ። «ይሄኛው ደግሞ የቀረበው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው» አለች ሴትዮዋ። «በተጠባባቂነት ልይዘው እችላለሁ። ቦታ ከተገኘ እንደውላለን። ቃል ግን አልገባም።»

ስንመለስ ጋሼ እንድሪስ ብቻ ናቸው ቀለል ያላቸው። ሰዓዳ ግን ተስፋዋን ጭና ሄዳ ግማሹን አውርዳ ነው የተመለሰችው። ከመርሳ መናኸሪያ ስንለያይ ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩ።

«ቲቸር፣ እኔን ብትገድለኝ እኮ ይሻል ነበር» አለች። «እኔ ስልክ የለኝም። ማን ያውቅብህ ነበር?»

ቀልድ ይሁን ቁጣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ጋሼ እንድሪስ ግን ሌላ ነገር አሉኝ። «እሑድ መጥተህ ቁጠር። ውሃ ሲጠብቅ ሞተ ያልክበትን ቦታ እንኳ እየው።»

ሄድኩ። ጀሪካን ሰጡኝ። ከላይኛው ማሳ እንደ ሰዓዳ ሠላሳ ቆጠርኩ። ከታችኛው ግን አርባ ሰባት መጣ፤ ሰዓዳ «ቸኩለህ ነው የምትቆጥረው» አለችኝ። በሚቀጥለው እሑድም ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው፣ ቦይ ዳር ተቀምጬ ውሃ ሲያልፍ ሳይ ግማሽ ቀን ያልፋል።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው እሑድ ይመስለኛል፣ ከጋሼ እንድሪስ ጋር ቦይ ላይ እያለን ስልካቸው ጮኸ። ውሃ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልለው ነበር የሚይዙት። እስኪፈቱት ድረስ ሊዘጋ ነው ብዬ ፈራሁ።

«አቤት» አሉ። «አዎ፣ የሰዓዳ ቤተሰብ ነኝ። አይ፣ አጎቷ አይደለሁም። የሞትኩት ነኝ።»

የሴትዮዋ ሳቅ እኔ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ጋሼ እንድሪስ ዝም ብለው አዳመጡ። «እሺ። እሺ። አልሐምዱሊላህ» ብለው ስልኩን ዘጉና መልሰው በፌስታሉ ጠቀለሉት።

«ምን አሉ?» አልኩ።

ሰዓታቸውን አዩ። የአሊ ተራ አልቋል። አካፋቸውን አንስተው ቦዩን በጭቃ ደፈኑ፤ ውሃውን ወደሚቀጥለው ማሳ አዞሩ። መሄዱን ካዩ በኋላ ነው ወደ ቤታቸው ዞረው የተጣሩት።

«ሰዓዳ! ኧረ ሰዓዳ! ልብስሽን እጠቢ፤ ልትሄጂ ነው!»

ከተመረጡት ልጆች አንዷ ሌላ የትምህርት ዕድል ስለደረሳት ነው አሉ።

ሰዓዳ አሁን የውሃ ምህንድስና ተማሪ ናት። እኔ ደግሞ እስካሁን መርሳ ነኝ። ማመልከቻ አሁንም አግዛለሁ፤ ግን ተማሪው የጻፈውን ፊደል አርማለሁ እንጂ አልጨምርም። ከመላኩ በፊትም ተማሪው ቤተሰቡን ይዞ መጥቶ፣ ጮክ ብዬ አንብቤላቸው፣ እሺ ሲሉ ነው የምልከው። አንዳንድ ተማሪ «ቲቸር ትንሽ አሳምርልኝ» ይለኛል። እጄን ይበላኛል። ግን ወደ ኪሴ እከተዋለሁ።

የውሃውን ተራ ደብተር ሰዓዳ ስትሄድ የሚጽፍ ጠፋ። ጋሼ እንድሪስ ማንበብም መጻፍም አይችሉም። አሁን እሑድ እሑድ የምጽፈው እኔ ነኝ። የሰው ስም፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት። በዚያ ደብተር ውስጥ አንድ የሚያምር ዓረፍተ ነገር የለም፤ አሥራ ዘጠኝ ሰው ግን በእሱ ላይ ይተማመናል። ከጻፍኩት ሁሉ እንደዚያ የታመነ የለኝም።

ጽፌ ስጨርስ ጋሼ እንድሪስ «አንብብልኝ» ይሉኛል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብላቸዋለሁ። ዱላቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሳበቃ ሁልጊዜ ያችኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል።

«ዛሬስ ሰው ሞቷል?»

«የለም፣ ጋሼ። ሁሉም አሉ።»

«እንግዲያስ ዝጋው» ይላሉ።